ቆዳን ስለሚያነጡ ቅባቶችና ስለሚያመጡት ጉዳት

ሰው ሁሉ መልኩ እንዲያምር ይወዳል፤ ይህም ነውር አይደለም። ነገር ግን መልክን አሳምራለሁ ብሎ ጤናን ማጥፋት ትልቅ ስሕተት ነው። በዚህ ዘመን ቆዳን የሚያነጡ ቅባቶችና ሳሙናዎች በየገበያው ይሸጣሉ። ቀይ መልክ የሚመሰገን ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ሠርጋቸው የቀረበ ልጃገረዶች ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ መምህራንና የአገር ሽማግሎች ነገሩን ከሥሩ ዐውቀው ለልጆች ማስረዳት ይገባቸዋል።

የቆዳ ቀለም ጥቅም

የሰው ቆዳ ጥቁር ወይም ጠይም የሚሆነው ሜላኒን በሚባል ቀለም ምክንያት ነው። ይህም ቀለም ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለቆዳ እንደ ጥላ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ጋር አልትራቫዮሌት የሚባል፣ ዓይን የማያየው ጨረር ይወርዳል። ይህ ጨረር ወደ ቆዳ ሕዋስ ሲገባ ዘረመሉን ያበላሻል፤ የተበላሸውም ሕዋስ ያለ ሥርዐት እየበዛ ሲሄድ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ይሆናል። ሜላኒን ግን ከጨረሩ ብዙውን ተቀብሎ ያስቀራል።

ለዚህ ግልጥ ምስክር የሚሆነው የአልቢኖዎች ነገር ነው። አካላቸው ከተወለዱ ጀምሮ ሜላኒንን በሚገባ አይሠራም፤ ስለዚህ ፀሐይ በበረታበት በአፍሪካ ምድር ብዙዎቹን ገና በወጣትነታቸው የቆዳ ነቀርሳ ያገኛቸዋል። እንግዲህ ቀለሙን በቅባት የሚያጠፋ ሰው ተፈጥሮ የሰጠችውን ጥላ በገዛ እጁ ይጥላል። ደገኛም ቢሆን አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ምድሩ በ1000 ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ጨረሩ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራልና።

በቅባቱ ውስጥ ስላሉት ነገሮች

አንደኛው ባዜቃ ነው። የባዜቃ ጨው ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ነገር ግን በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባና ኵላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ብትቀባው ለፅንሱ ይተርፋል፤ በፎጣና በመኝታ ልብስም ወደ ሕፃናት ይሻገራል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፣ ከሚሊዮን እጅ ከ1 እጅ የበለጠ ባዜቃ ያለበት የማንጫ ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ ከለከለ፤ በ2023ም ጉባኤው ባዜቃ የተጨመረበት ማስዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወሰነ።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም ሲያዝዘው ለጥቂት ጊዜ ለማዲያት ይጠቅማል። ለብዙ ዓመት ሲቀቡት ግን ቆዳው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁረት ይይዛል፤ ይህም በቀላሉ አይለቅም። በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ይህን ጉዳት በ1975 ጻፉ፤ መንግሥቱም በ1990 ቅባቱን ከለከለ።

ሦስተኛው ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዘወትር ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ ቍስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም የስኳር በሽታንና የደም ግፊትን ያመጣል።

ስለ ነቀርሳው

በሴኔጋል ቆዳን የማንጣት ልማድ ኼሳል ይባላል። በዳካር ከተማ ያሉ የቆዳ ሐኪሞች፣ ለብዙ ዓመታት በተቀቡ ሴቶች ላይ ያገኙትን የቆዳ ነቀርሳ በ2010 ጽፈው አስታወቁ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ፀሐይ የሚያመጣው ነቀርሳ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ነገሩ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ምክንያቱም ቀለሙ ሲጠፋ ጨረሩ ይገባል፤ የተበላሸውን ሕዋስ የሚያጠፋው የአካል መከላከያም በኮርቲኮስቴሮይድ ይደክማል።

እስከ ዛሬ የተጻፉት ሕመምተኞች ጥቂቶች ናቸውና፣ የተቀባ ሁሉ ነቀርሳ ይይዘዋል ማለት አይገባም። ነገር ግን ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዛሬ ፊቷ የፈካላት ልጅ ነገ የሚመጣባትን አታይም።

ሊደረግ የሚገባው

፩ኛ፤ ዕቃው ላይ የሠራው ፋብሪካና በውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበትን ቅባት አለመግዛት። ወርቅና ብር አይንካው የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ባዜቃ ይኖርበት ይሆናልና መጠርጠር ይገባል።

፪ኛ፤ ኮርቲኮስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ብዙ ጊዜ የተቀባ ሰው፣ በድንገት መተው ሌላ ሕመም ሊያመጣበት ስለሚችል፣ ሐኪም አማክሮ ይተው።

፫ኛ፤ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቍስል፣ የሚያድግ እባጭ ወይም የሚደማ ቍርፍድ ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ነቀርሳ በጊዜ ሲገኝ ተቈርጦ ይወጣል።

፬ኛ፤ የተቀባችን ልጅ በሰው ፊት መዝለፍ አይገባም፤ የተዘለፈ ሕመሙን ይደብቃልና። ይልቁን ጠይምም ጥቁርም መልክ ሙሉ ውበት እንደ ሆነ በቤትም በትምህርት ቤትም መመስከር ይሻላል። ልጅን በመልኳ መጥቆር የሚቀልድባት ሰው ወደ ቅባቱ ይገፋታል።

ጥያቄ

፩፤ ሜላኒን ለቆዳ ምን ይጠቅማል?
፪፤ ባዜቃ ያለበት ቅባት ላልተቀቡት ሕፃናት እንዴት ይተርፋል?
፫፤ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች ምን ምን ናቸው?