የኢንተርኔት ትምህርት እንዴት ይመረጣል?

ከኢንተርኔት የሚገኝ ትምህርት እንደ ገበያ እህል ነው፤ ብዙ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ አይሸመትም። መምህር በሦስት ጥያቄ ሊመዝነው ይገባል።

አንደኛ፤ ያዘጋጀው ማን ነው? ለምሳሌ «ፌት» የተባሉትን የሳይንስ ሥዕላዊ ሙከራዎች በነፃ የሚያቀርበው በአሜሪካ የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ካርል ዋይማን ናቸው።

ሁለተኛ፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ብዙዎቹ የፌት ሙከራዎች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ዊኪፔዲያንም «ኪዊክስ» በሚባለው ፕሮግራም በፍላሽ መያዝ ይቻላል። ስለዚህ ኔትዎርክ ባለበት ቀን አውርዶ ያስቀመጠ መምህር ክፍለ ጊዜው አይባክንበትም።

ሦስተኛ፤ ከአገራችን ጋር ይስማማል ወይ? ብዙ ጽሑፎች ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ነው። ሱሉልታ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃችንም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ያላስተዋለ መምህር ደኅናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ይላል፤ ተማሪውም በዓይኑ ያየውን ትቶ የተጻፈውን ብቻ ማመን ይለምዳል።

እንግዲህ የተጻፈውን እናንብብ፤ ውሃውንም ጥደን እንይ።