የትራክተር ነዳጅ ቱቦ ያለ ዕድሜው የሚበላሽበት ምክንያትና የነጋዴው ድርሻ

በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር፣ እንዲሁም ትራክተር በሚያርስበት በማናቸውም ስፍራ፣ የዘር ጊዜ አጭር ነው። ዝናሙ ጥሎ መሬቱ በለሰለሰ ጊዜ ትራክተሩ ያለ ማቋረጥ መሥራት ይኖርበታል። እጅግ ብዙ ገንዘብ የወጣበት መኪና አንድ ክንድ በማትሞላ የላስቲክ ቱቦ ምክንያት ከማሳው ላይ ቆሞ ሲውል፣ ጉዳቱ የገበሬው ብቻ አይደለም። ቱቦውን የሸጠው ባለ ሱቅ ስሙ በክፉ ይነሣል፤ ዕቃውን ያስመጣው ነጋዴም ደንበኛውን ያጣል። ናፍጣው በጋለው የሞተር ጭስ ማውጫ ላይ የፈሰሰ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ከሥራ መፍታት አልፎ የእሳት አደጋ ሊሆን ይችላል።

ቱቦው ቶሎ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ትራክተር ነጂው ነው። ጉዳዩ በጥሞና ሲመረመር ግን የቱቦው ዕድሜ በአመዛኙ የሚወሰነው ከትራክተሩ ላይ ከመግጠሙ በፊት፣ ማለት በአስመጪው ምርጫ፣ በመጋዘኑ አያያዝና በባለ ሱቁ አሻሻጥ መሆኑ ይታወቃል። ይህንንም ከዚህ በታች በየተራ እናስረዳለን።

የናፍጣው መንገድ

ናፍጣ ከማጠራቀሚያው ወጥቶ በማጣሪያና በመሳቢያ ፓምፕ በኩል ወደ ዋናው የናፍጣ ፓምፕ ይደርሳል። ከዚያም በታላቅ ግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ ይረጫል፤ ትርፉም በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ይመለሳል። የላስቲክ ቱቦ የሚያገለግለው ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ክፍል፣ ማለት ከማጠራቀሚያው እስከ ዋናው ፓምፕ ባለው መሥመርና በመመለሻው ላይ ብቻ ነው። ከፓምፑ ወደ መርጫው የሚሄደው መሥመር ከመቶ ባር የሚበልጥ ግፊት የሚያልፍበት ስለ ሆነ ከብረት የተሠራ ነው። በዚህ ቦታ ላስቲክ እንዲገባ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢመጣ ባለ ሱቁ ሊከለክለው ይገባል።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ከማጠራቀሚያው እስከ መሳቢያው ፓምፕ ያለው ቱቦ ናፍጣ የሚሳብበት በመሆኑ፣ ሲሰነጠቅ ሁልጊዜ ጠብታ አያሳይም፤ ይልቁንም አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ባለቤቱ ፓምፑ የተበላሸ መስሎት ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ ጥፋቱ ያለው ግን ከቱቦው ላይ ነው።

ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም

የነዳጅ ቱቦ ሦስት ንብርብር አለው። ውስጠኛው ነዳጁን የሚችል፣ መካከለኛው ግፊቱን የሚይዝ የክር ጉንጉን፣ ውጭኛው ደግሞ ፀሐይን፣ ሙቀትንና መፋተግን የሚከላከል ልባስ ነው። ለውስጠኛው ንብርብር ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው የሚያገለግለው ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው። ናይትራይል ዘይትንና ናፍጣን ይችላል፤ የፀሐይ ጨረርንና ኦዞን የተባለውን የአየር ዓይነት ግን በደንብ አይቋቋምም። ስለዚህ ውጭውን እንደ ኒዮፕሪን ባለ ሌላ ላስቲክ መሸፈን የተለመደ ነው።

ለራዲያተር ውኃ የሚሠራው ቱቦ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. ከሚባል ላስቲክ የተዘጋጀ ነው። ይህ ላስቲክ የፈላ ውኃንና ፀሐይን እጅግ አድርጎ ይችላል፤ ናፍጣ ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ሁለቱ ቱቦዎች በመልክ ጥቁር፣ በውፍረትም ተመሳሳይ ስለ ሆኑ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስፋቱ ስለ ተስማማ ብቻ የውኃውን ቱቦ ለናፍጣ መሸጥ ቱቦ ያለ ዕድሜው እንዲጠፋ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንደኛው ነው። ከውስጡ እየተላጠ የሚወጣው ላስቲክም ወደ ማጣሪያው ገብቶ መሥመሩን ይዘጋል።

ቱቦውን የሚያሳጥሩ ሌሎች ምክንያቶች

1ኛ/ የመጠን አለመስማማት። ትራክተሮች ከልዩ ልዩ አገር ስለሚመጡ አንዳንዱ በኢንች፣ አንዳንዱ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ከ8 ሚሊ ሜትር ጋር ይቀራረባል። 3/8 ኢንች ግን 9.53 ሚሊ ሜትር እንጂ 10 አይደለም፤ 1/4 ኢንችም 6.35 ሚሊ ሜትር እንጂ 6 አይደለም። ጠባብ ቱቦ በግድ ተለጥጦ ሲገባ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሰፊው ደግሞ በማሰሪያ ኃይል እንዲይዝ ስለሚደረግ ይታጠፍና አየር ያስገባል።

2ኛ/ የማሰሪያ ቀለበት። ጥርስ ያለው የብረት ማሰሪያ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ልባሱን ቈርጦ ወደ ክሩ ይገባል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ፣ ከቱቦው ውፍረት ጋር የሚስማማ ማሰሪያ አብሮ መሸጥ ለባለ ሱቁም ትርፍ፣ ለገዢውም ጥቅም ነው።

3ኛ/ ሙቀትና መፋተግ። ቱቦው ወደ ጭስ ማውጫው ተጠግቶ ካለፈ ይደርቃል፤ በሞተሩ ንዝረት ከብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግም ይቦረቦራል። የላስቲክ እርጅና ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቊጥር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ የሙያው ሰዎች በግምት ይቈጥሩታል።

4ኛ/ ፀሐይ። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፣ ጥላ ሳይኖረው ከደጅ የሚያድር ትራክተር ቱቦው ቶሎ ቢሰነጠቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

5ኛ/ የነዳጁ መለወጥ። በአሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. ድኙ በሚሊዮን ከ15 እጅ የማይበልጥ ናፍጣ ለመንገድ ተሽከርካሪዎች መሸጥ ጀመረ። ድኙን የሚያወጣው የማጣሪያ ሥራ ላስቲክን የሚያሳብጡትን ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ስለሚቀንስ፣ በቀድሞው ናፍጣ አብጠው የኖሩ አሮጌ ላስቲኮች ኰምትረው ማፍሰስ እንደሚጀምሩ ታይቷል። ከአትክልት ዘይት የሚሠራው ናፍጣም መጠኑ ሲበዛ ተራውን ናይትራይል ይጐዳል። ስለዚህ አስመጪው ቱቦ ሲያዝ ለየትኛው ነዳጅ እንደ ተሠራ መጠየቅ አለበት።

በመጓጓዣና በመጋዘን የሚደርስ ጉዳት

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ሸቀጥ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በዚያ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ስለዚህ የላስቲክ ዕቃ በወደብ ብዙ እንዳይቈይ ሰነዱን አስቀድሞ ማዘጋጀት የወጪ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጥራትም ጉዳይ ነው።

ስለ ላስቲክ ዕቃ አቀማመጥ የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 2230 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአግባቡ ታሽጎ ለተቀመጠ የናይትራይል ዕቃ 7 ዓመት የመጀመሪያ የማቈያ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ጊዜ የሚቈጠረው ዕቃው ከሱቅ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ከተሠራበት ዘመን ነው። ቦታው ቀዝቃዛ፣ ጨለማና ደረቅ መሆን ይገባዋል፤ ሙቀቱም ከ25 ዲግሪ ባያልፍ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርና የብየዳ ሥራ ኦዞን ስለሚያወጡ ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ቱቦውን በምስማር ላይ ማንጠልጠል፣ ለማሳያ ሲባል ከመስኮት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥና ከባድ ዕቃ መጫን ጐጂ ልማዶች ናቸው። ቀድሞ የተሠራው ቀድሞ ይሸጥ።

ሲገዙና ሲሸጡ መታየት ያለበት

ደኅና ቱቦ በጐኑ ላይ ጽሑፍ አለው፤ የፋብሪካው ስም፣ የውስጥ ስፋቱ፣ የተሠራበት ዘመንና የደረጃው ቊጥር ይነበብበታል። በአሜሪካ ደረጃ ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ30 አር7 የሚለው ለዝቅተኛ ግፊት የነዳጅ መሥመር የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ የናፍጣ ቱቦን የሚመለከተው አይ.ኤስ.ኦ. 19013 ክፍል 1 ነው። አስመጪው ይህን ቊጥር በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ቢጽፍና ከዕቃው ጋር የፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ቢጠይቅ፣ በኋላ ለሚነሣው ክርክር መከራከሪያ ያገኛል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቱቦ በዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለነዳጅ ባይሸጥ ይመረጣል።

ጽሑፉ የሚያጠራጥር ከሆነ ማንም ባለ ሱቅ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተና አለ። ከቱቦው ጣት የሚያህሉ ሁለት ቊራጮች ወስዶ አንዱን ክዳን ባለው ጠርሙስ በናፍጣ መዘፍዘፍ፣ ሁለተኛውን ደረቅ አድርጎ ማቈየት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ጥቂት ለውጥ ቢታይ አያሠጋም፤ የተዘፈዘፈው በግልጽ ካበጠ፣ ከለሰለሰ ወይም ናፍጣውን ካጠቈረ ግን ቱቦው ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። የቈየ ቱቦ ደግሞ በእጅ አጥፎ ልባሱን መመልከት ይበቃል፤ ስንጥቅ ከታየበት ከመደርደሪያው መውጣት አለበት።

ለገዢው የሚሰጠው ምክርም አጭር ነው። ከዘር ጊዜ በፊት ቱቦዎቹን ይመርምር፤ የደረቀውን ወይም ያበጠውን ይለውጥ፤ ከጭስ ማውጫው ያርቅ፤ ከብረት ጠርዝም በማሰሪያ ይለይ። ይህን ምክር ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ባለ ሱቅ አንድ ሜትር ቱቦ ብቻ አልሸጠም፤ የገበሬውን የዘር ወቅት አድኖለታል። ገበሬውም በሚመጣው ዓመት ዕቃ ሲያስፈልገው ወደዚያው ሱቅ መመለሱ የማይቀር ነው።