የሳሎን ንዝረት

የምኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሳብዉፈሩን ስከፍት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የቡፌው ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ ከታች የሚኖሩት አዛውንት ጎረቤቴም ተቀይመውኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፤ በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ መጋረጃም ሆነ ምንጣፍ አይገታውም፤ የሳብዉፈሩ ሣጥን ወለሉን በቀጥታ ሲነካ ደግሞ ንዝረቱ በአርማታው አልፎ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ስለዚህ ማዕዘን ወፍራም ድምፅን እጅግ ያጎላዋልና ሣጥኑን አስቀድመው ከዚያ ያርቁት፤ ከሥሩም ወፍራምና ለስላሳ ጎማ ያኑሩለት። ብርጭቆዎቹን አራርቀው በጨርቅ ላይ ቢደረድሯቸው ጸጥ ይላሉ። ይህም ተደርጎ ጎረቤትዎ ዕረፍት ካጡ፣ የቀረው በአየር የሚሻገረው ነውና የሳብዉፈሩን መጠን፣ ይልቁንም በሌሊት፣ ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ የአዛውንት እንቅልፍ ክቡር ነው። ድምፅ ማጉያው ራሱ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ለቴክኒሻን፣ በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን ለሕንፃ መሐንዲስ ያሳዩ።