ሥራ ከጠፋ በኋላ ለምን ቶሎ አይመለስም?

የኢኮኖሚ ቀውስ ሲያልፍ ገበያው ቀድሞ ይነቃቃል፤ ሥራ ግን ዘግይቶ ይመለሳል። ቀጣሪ ያሰናበተውን ሠራተኛ መልሶ ከመቅጠሩ በፊት የገበያውን መጽናት ማየት ይፈልጋል። ሠራተኛውም ያለ ሥራ በቆየ ቁጥር ከሙያው ይርቃል። ስለዚህ ውድ ተማሪዎቻችን፣ ሁለት አገሮችን እናነጻጽር።

አሜሪካ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 5 በመቶ የነበረው ሥራ አጥነት በጥቅምት 2009 10 በመቶ ደረሰ። ወደ 5 በመቶ የተመለሰው በ2015 ነው። ጀርመን በ2009 ምርቷ ከአሜሪካ የበለጠ፣ ከ5 በመቶ በላይ ቢቀንስም ሥራ አጥነቷ እምብዛም አልጨመረም። ለምን? ብዙ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ የሥራ ሰዓት ቀነሱ። ሠራተኛው በዚህ ካጣው የተጣራ ደመወዝ መንግሥት 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን ተካ። በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች በዚህ መንገድ ከሥራቸው ሳይለቁ ቆዩ። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ይህንን ነው።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለምንኖርባት ኬንያ ይሆናል? እዚህ ከ10 ሠራተኞች ከ8 በላይ የሚሆኑት ኑሯቸው ጁዋ ካሊ በሚባለው፣ የደመወዝ መዝገብ በሌለው ሥራ ላይ ነው። መዝገብ ከሌለ ደግሞ መንግሥት የጎደለውን ደመወዝ ማስላት አይችልም። ስለዚህ በ2020 የኮሮና ቀውስ ጊዜ «ካዚ ምታኒ» በተባለው ፕሮግራም የድሃ ሰፈር ወጣቶች ቦይና መንገድ እንዲያጸዱ በቀን ሒሳብ ተቀጠሩ። ይህ የዕለት ጉርስ ሰጠ፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ግን ገቢውም አበቃ።

ከወላጆቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። የሥራ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ከየትኛውም መዝገብ ውጪ ነው። ስለዚህ የምንመክራችሁ ይህን ነው፦ ሥራ ስትይዙ ውል በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሙያ ምስክር ወረቀታችሁን ጠብቁ፤ የራሳችሁ ሥራ ካላችሁ ገቢና ወጪውን በየቀኑ መዝግቡ። እርዳታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው በወረቀት ላይ ለሚታየው ሥራ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሰዓት መቀነስ ለቀጣሪውና ለሠራተኛው ምን ይጠቅማል? ጉዳቱስ?
2. መዝገብ ለሌለው ሠራተኛ እርዳታ እንዴት ሊደርሰው ይችላል?