በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በሊግኒን ስስ ልባስ ስለ መለካት

በአራዳ ጊዮርጊስና በፒያሳ ቡና ቤቶች ጠጪው «ቡናው ኃይለኛ ነው» ሲል የሚፈርደው በምሬቱ ነው። ይሁን እንጂ ምሬት በአብዛኛው ከአቆላል የሚመጣ በመሆኑ ምላስ ካፌይንን ሊመዝን አይችልም። የአገራችን ቡና፣ ማለትም አረቢካ፣ ከክብደቱ 1 ከመቶ ያህል ካፌይን ሲኖረው ሮቡስታ እጥፍ ያህል ይይዛል። «ካፌይኑ አነስተኛ ነው» ብሎ የተሻለ ዋጋ የሚጠይቅ አምራች ያለ ልኬት የሚያምነው ገዢ አያገኝም።

በ2017 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ለዚህ ሥራ ሊግኒንን ተጠቅሟል። ሊግኒን እንጨትን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር ሲሆን በወረቀት ፋብሪካ ከቃጫው ተለይቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ይኸው ነው። የካርቦን ዘንግ ሊግኒን በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲደረግ በጫፉ ላይ ስስ ልባስ ይይዛል። ዘንጉ የቡና ናሙና ወዳለበት ፈሳሽ ሲዛወርና ቮልቱ ከፍ ሲል ካፌይኑ በልባሱ ላይ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ካፌይኑ በበዛ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይጨምራል። ፍሰቱም መጠኑ አስቀድሞ ከታወቀ የካፌይን ፈሳሽ ጋር ይነጻጸራል። መሣሪያው እንደ ትልልቆቹ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ውድ አለመሆኑ ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ናሙና የሚልክ አምራች ከአንድ ጆንያ ብቻ አይዝገን፤ ከየጆንያው ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ጥቂት ጥቂት ወስዶ ይቀላቅል፤ በደረቅ ዕቃም አድርጎ የተለቀመበትን ቦታና ዓመት ጽፎ ይላክ።