የአንድ ሰው ናሙና ለብዙዎች

የወለጋ ቀይ አፈር ለም ነው። በቆሎውም ቡናውም ከእርሱ ይበቅላል። ነገር ግን ለዘመናት በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ጠላትም ሊሆን ይችላል። በነቀምቴና በጊምቢ ገበያ ስንዘዋወር እግራቸው ያበጠ ሰዎች ከሌላው ተለይተው ዳር ተቀምጠው አይተናል። በሽታው ዝሆኔ ይባላል። ብዙ ሰው «እርግማን ነው» ይላል። ወደ በሽተኛ ቤት ልጁን መዳር የሚፈልግ የለም።

ታዲያ እርግማን አለመሆኑ በምን ታወቀ? በናሙና ነው። እህል ሻጭ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ያሳየን የለ? ሐኪምም እንዲሁ ከሰው ገላ ጥቂት ደም ወይም ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ይመረምራል። ይህ ናሙና ይባላል።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ይህን በሽታ ያጠኑ ነበር። በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰደ የዕጢ ናሙና በማጉያ መሣሪያ ተመረመረ። በውስጡ ከአፈር የመጣ እጅግ የደቀቀ ብናኝ ተገኘ። ብናኙ በእግር ቆዳ ይገባል፤ በገላ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የፈሳሽ መተላለፊያዎች እየጎዳ ይዘጋቸዋል። እግርም ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከወላይታ ሰዎች የተሰጠ ናሙና መርምረው፣ በበሽታው በቀላሉ መያዝ በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳዩ። በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው አንድም በዚህ ነው። ቢሆንም ከልጅነቱ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ሰው ራሱን መጠበቅ ይችላል።

አሁንም በናሙና ጥናት መፍትሔ የሚፈለግለት ሌላ ጉዳት አለ። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ወድቆ ወገቡ ይሰበራል። እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር፣ ስለ ተጎዳ ነው። ገመዱን እንደ ነበረ የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሕያው ሰው ቆርጦ መመርመርም ሌላ ጉዳት ማምጣት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከሞቱ ሰዎች፣ ሟቹ ወይም ቤተሰቡ ፈቅዶ የሰጠውን ናሙና ያጠናሉ። እንዲህ ያለው ናሙና ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱ ተመራማሪ ያገኘውን ለሌላው ማካፈል ይኖርበታል።

አንድ አባት ይህን ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ሥጋችንን ወስደው ቢሸጡትስ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። «አባባ፣ ሳያስረዳ የሚወስድ ካለ አይስጡት» አልናቸው። ናሙና የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚወስደው፣ ለማን እንደሚያካፍለው፣ ምን ጉዳት እንዳለው በምንሰማው ቋንቋ ሊነግረን ይገባል። እምቢ ማለት መብታችን ነው። እምቢ በማለታችንም ሕክምና ልንከለከል አይገባም።

ገበያ ዳር የተቀመጡት ሰዎች አልተረገሙም። ይህን ያወቅነው እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች በሰጡት ናሙና ነው። እንግዲህ ጠጋ ብለን ሰላም እንበላቸው።

ጥያቄዎች
1. ናሙና ማለት ምን ማለት ነው?
2. የዝሆኔ በሽታ ከምን ይመጣል?
3. ናሙና ከመስጠታችን በፊት ምን ምን መጠየቅ አለብን?