ፈጣን እግር ላለው ልጅ

ልጄ፣ የብስክሌት ስፕሪንተር ሆነህ እንጀራህን ልትበላ እንደቆረጥክ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እግርህ ፈጣን ነው፤ እሱን አይቻለሁ። ሥራው ግን ከእግር ብዙ ይልቃል፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ዳገትን አትሽሽ። የስፕሪንተር ጡንቻ ከባድ ነው፣ ተራራ ላይ ያስቀጣዋል። አሸናፊው ከገባ በኋላ ደግሞ የሰዓት ገደብ አለ፤ እሱ ካለፈህ በማግስቱ መነሻው ላይ አትቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቱር ደ ፍራንስ፣ ላ ሮዚዬር በተወጣበት ዕለት፣ ማርክ ካቨንዲሽና ማርሴል ኪትል ሁለቱም በአንድ ቀን ከገደቡ ውጭ ሆነው ተሰናበቱ። በዘመናቸው ከእነሱ የሚፈጥን በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዚሁ ቱር በ2024 የሆነውን ደግሞ ስማ። የመጀመሪያው ቀን ከፍሎረንስ ወደ ሪሚኒ ነበር፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። የ39 ዓመቱ ካቨንዲሽ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ አስመለሰው። የቡድን ጓደኞቹ ጥለውት አልሄዱም፤ ከብበውት፣ ነፋስ እየከለሉለት፣ በእሱ አቅም ነዱ። ከአሸናፊው 39 ደቂቃ ዘግይቶ ገባ፤ ገደቡ ግን አላለፈውም። ከአራት ቀን በኋላ ሴን ቩልባ ላይ አሸነፈ። 35ኛ የቱር ድሉ ነበርና ከኤዲ መርክስ ጋር እኩል የያዘውን 34 አልፎ ክብረ ወሰኑን ለብቻው ወሰደ። ሪሚኒ ላይ ቢወርድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም።

2. ከፊትህ የሚነዳልህን ሰው አክብር። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጉልበትን የሚጨርሰው ነፋሱ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው 200 ሜትር ገደማ ድረስ ከሰው ጀርባ ትሸሸጋለህ፤ ጎማህ ከፊተኛው ጎማ ስንዝር ቢርቅ ነው። ዓይንህን ጎማው ላይ ብቻ አትትከል፤ የሰውየውን ትከሻና ከእሱ ፊት ያለውን መንገድ እይ። ለካቨንዲሽ ማርክ ሬንሾ፣ በኋላም ሚካኤል መርከቭ ይህን ሠርተውለታል። ስታሸንፍ ቀድመህ የምታቅፈው እንዲህ ያለውን ሰው ይሁን፤ ከሽልማቱም ድርሻው አይቅርበት።

3. መስመርህን ጠብቅ። ይህን በጥብቅ ነው የምልህ። በ2020 የፖላንድ ዙር፣ ካቶቪትሴ ላይ፣ ዲላን ግሩነዌገን ከመስመሩ ወጥቶ ፋቢዮ ያኮብሰንን አጥሩ ላይ ገፋው። ያኮብሰን ነፍሱ የተረፈችው በመከራ ነው፤ ፊቱም በብዙ ቀዶ ሕክምና ተጠገነ። ግሩነዌገን ዘጠኝ ወር ታገደ። በ2022 ቱር ደ ፍራንስ፣ ዴንማርክ ውስጥ በተነዱት ቀናት፣ ያኮብሰን አንድ ቀን፣ ግሩነዌገን በማግስቱ አሸነፉ። ሁለቱም በመመለሳቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ አንተ ግን ለአንድ ድል ብለህ የማንንም እናት አታስለቅስ።

4. ከእኛ አካባቢ አይወጣም የሚልህን አትስማ። የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ በ2022 ጂሮ ዲታሊያ ላይ የዕለቱን ውድድር አሸንፎ፣ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙስ ክዳን ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ ወጣ። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ፓሪስ ሳይደርስ ኒስ ላይ ለብሶ ጨረሰ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻው እዚያ ነበርና። ይህን ማሊያ በመውሰድ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ነው። ማሊያው የሚገኘው ነጥብ በመልቀም ነው፤ የማታሸንፍበት ቀንም ዋጋ አለው።

5. እንቅልፍህን አትሽጥ።

6. ሲከፋህ ተናገር። ካቨንዲሽ በቫይረስ ሕመምና በድብርት ዓመታት አጥቷል፤ ታክሞ በ2021 አራት የቱር ድል ይዞ ተመለሰ። ኪትል ደግሞ 14 የቱር ድል ይዞ በ31 ዓመቱ በቃኝ አለ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ውል ሲሰጡህ ከደመወዙ ቀጥሎ ስለ ሐኪሙና ከፊትህ ስለሚነዱልህ ልጆች ጠይቅ፤ ከመፈረምህ በፊትም ወረቀቱን አምጣልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።